ሁለቱ የአመድ መስመሮች

…ያኔ አባባ የመስመር ዳኛ ሳለ አንተ የመታኸው ኳስ ከመስመር ሲወጣ አባባ የገዛ ልጁ ላይ «ውጪ!» ብሎ መጮኹ ትዝ አለኝና ንዴቴ ባሰ። ከሰላምታው በፊት ይህ ቀደመኝ፤ ወንድሜ አልአዛር፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ከዲማ ወርቅ ማውጫ ድረስ ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን።

የሰፈራችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እሑድ የሸኮን ቡድን ቢያሸንፍ ጥሎ ማለፍ ይገባ ነበር። ሜዳውን እንደ ወትሮው አባባ በአመድ አሰመረው። በመጨረሻዋ ነጥብ የመታሁት ኳስ ጠርዝ ላይ አረፈ። ዳኛው ይሄይስ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ በዚያ በኩል የተሰመረው ሁለት ጊዜ ነው። ኳሱ ያረፈው በሁለቱ መስመሮች መሃል ነበር።

«ምነው፣ እናንተ ሰፈር መስመር በጥንድ ነው እንዴ የሚሸጠው?» አለች አምበላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሄይስ የውስጠኛውን መርጦ «ውጪ!» አለ። ተሸነፍን። አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት።

አባባ ከእኔ ብሶ ጮኸ። «ሜዳዬን የነካው ማን ነው? አልአዛር፣ ንገራቸው እንጂ!» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ይሆናል።

ለፋሲካ እመጣለሁ ካልክ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ስልክህ አይነሳም። ወርቁ አይሸሽም፤ ቆፍረህ ትደርስበታለህ። አንዴ ብቻ ና፣ ዘንድሮ። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ ጌታ ይጠብቅህ። እህትህ ዲቦራ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አባባ የአመዱን ባልዲ አነሳ።

«ከሸኮ ጋር ያላችሁ ጨዋታ ሳይደርስ ሄጄ ላስምር» አለኝ።

«እሺ አባባ» አልኩት።

በሩ ከኋላው ተዘጋ።