በተክሊሌ ቀን የዋሸሁት

ይድረስ ለእህቴም ለእናቴም ለሆንሽው ለእትዬ እታለማሁ፣ መሐል ሜዳ።

እንደምን ከርመሻል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ራራልሽ ወይ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ጋሼስ? ልጆቹስ? ዝናቡ እዚያ አገሩን እንዳለበሰው ሰማሁ፤ እዚህ ሞያሌ ደግሞ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። እኔ፣ ባለቤቴ ወልደ ሥላሴና ልጃችን ቃልኪዳን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋችን ደህና ነን። በሥጋችን ማለቴን ልብ በዪ።

ምግብ ቤቱ እንደ ነገሩ ነው። የጎልቦ በረሃ ግመል ነጂዎች ለገበያ ሲመጡ ይሞላል፤ ሌላውን ቀን ከጎረቤቴ ከፎዚያ፣ ከወተት ሻጯ ጋር በር ላይ ተቀምጠን ሰው ስናማ እንውላለን። ይኸው ስንት ዓመት ሰው ሳማ ኖሬ አሁን ተራው ሊደርሰኝ ነው። እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ፊደሌ ቢያስቸግርሽ ልጅሽ ማንያዘዋል ያንብብልሽ አልልም፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢቱ ሁከት ነው። ከኢትዮጵያው ሞያሌ የሸሸው ሰው ወደኛ ወደ ኬንያው ተሻግሮ ኦዳ በሚባለው ሰፈር በኩል ድንኳን ተክሎ ከረመ። እንደምታውቂው ከኬላው ወዲህ ቄስ የለንም፤ ለቅዳሴ የምንሻገረው ወደ ማዶ ነው። ያን ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ወልደ ሥላሴ ዳዊቱን ይዞ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር ይውል ነበር። አንዲት አራስ ታማ ቄስ ጥሩልኝ፣ ልናዘዝ እያለች እጁን ይዛ ሞተች። እሱ ዲያቆን ነው፤ ዲያቆን ደግሞ አያናዝዝም። ቤት ሲመጣ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠና፣ ዘርፌ፣ ይቺ ሴት እኮ እኔን ነው የጠራችኝ፣ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ቅስና እቀበላለሁ፣ እግዚአብሔር በዚያች ሴት አፍ ጠርቶኛል ይላል። ምእመኑም ይህንኑ ሲመኝ ኖሯል፤ ከፍልሰታ በፊት ጳጳሱ ዘንድ ይዘውት ሊሄዱ ቀን ቆረጡ።

እኔ ምን ልበል? የቄስ ሚስት ሌላ ባል ያላወቀች መሆን እንዳለባት አንቺም ታውቂያለሽ። ያ መጀመሪያ የተዳርኩለት የጌራው ሰውዬ ቤት ሰባት ወር ተቀምጬ፣ ዱላው ሲበዛብኝ በሌሊት ልብሴ ወደ አንቺ መምጣቴን ከቤተሰብ በቀር ማንም አያውቅም። ወልደ ሥላሴም አያውቅም። እዚህ በተክሊል ልንጋባ ስንል ከአጥቢያሽ ወረቀት አምጪ ሲሉኝ፣ አንቺ መሪጌታውን እህቴ ባል አታውቅም ብለሽ አጽፈሽ ላክሽልኝ። ቄሱም ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ አዎ አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም፤ ግን ይለመዳል፣ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር።

ዝም ብል የሱ ክህነት በውሸት ላይ ይቆማል፤ ያናዘዘው፣ ያቆረበው ሁሉ በኔ ጦስ ምን እንደሚሆን እንጃ። ብናገር ደግሞ ቅስናው ቀርቶ ያለው ዲቁናም ይፈርሳል። ከልጅነቱ የለበሰውን ጥንግ ድርብ አውልቆ ከሰው መሐል ይቆማል ማለት ነው። ይህን አስቤ ወሩን ሙሉ ፊቴን አጨፈገግኩ። ምእመናኑ ታዲያ ምን ገመቱ መሰለሽ? ሚስቱ ንግዷን ወዳ ቅስናውን ከለከለችው አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ድስት ጥጄ ሳለሁ ጋሽ ሱራ ገቡ፤ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለት ሽማግሎች ተከትለዋቸዋል። ምነው ሸዋ! አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ደፋ ብለው፣ ልጄ፣ ባልሽን ለእግዚአብሔር ልቀቂልን፣ እሺ ካላልሽን አንነሣም አሉኝ። እኔ በዳይዋ ቆሜ፣ ንጹሑ ሽማግሌ እግሬ ሥር። ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረድኩና እስከ እሑድ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ከእርግማን ይልቅ አስፈራኝ።

በማግሥቱ ለወልደ ሥላሴ ነገርኩት። ሩዝ እየለቀመልኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ ዱላውንም፣ ወረቀቱንም። ለቅሞ የጨረሰውን ሩዝ እንደገና ይለቅም ጀመር። አክሊሉን ስትደፊ አልፈራሽም ወይ? አለኝ። እግዚአብሔርን ከፈራሁት ይልቅ አንተን ማጣት ፈራሁ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ዓይኔን ሳያይ፣ እሑድ ለሽማግሎቹ ጉድለቱ የኔ ነው እላለሁ፣ አንቺ አፍሽን አትክፈቺ አለ። ወይ እትዬ! ቢሰድበኝ፣ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊዋሽልኝ ነው። አንድ ውሸት አሥራ አንድ ዓመት አሳረረኝ፤ ሁለተኛውን በምን አንጀቴ እችለዋለሁ?

ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እሱን ቀድሜ ለንስሐ አባቴም ለጋሽ ሱራም እናገራለሁ። ወረቀቱን ማን አጻፈው ሲሉኝ ስምሽን መጥራቴ አይቀርም። አፈር ስሆን ይቅር በዪኝ፤ አንቺ ያደረግሽው ስለምትወጂኝ ነው። መሪጌታውም ይሰማሉ፣ ማኅበርተኞችሽም ይሰማሉ፤ ፊት ይነሡሽ ይሆናል። ለእማዬ ከሰው አፍ ከምትሰማው አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት። እኔ እዚህ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ቃልኪዳንን ልጆች ምን ይሏት ይሆን? ወልደ ሥላሴስ ኬላውን አብሮኝ ተሻግሮ ወደ ቤት ይመለሳል ወይ? አላውቅም፣ እፈራለሁ። ግን ያቺ አራስ ልናዘዝ እያለች ስትጠራ እሱ ብቻ አይደለም የተጠራው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አውቄ ነው። አፍሽን ዝጊ፣ ሆድ ይፍጀው ትዪኛለሽ፤ እኔም ድምፅሽን ስሰማ እሺ እላለሁ። ይህ ደብዳቤ በነገው መኪና ይሄዳል፤ እጅሽ ሲገባ እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ እነሣለሁ፤ ማንያዘዋል ትምህርቱን ያጥብቅ፤ የሺመቤትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቃልኪዳን እቴቴ መቼ ትመጣለች እያለች እጅ ትነሣለች፤ ፎዚያም ሰላም ብላለች። የወልደ ሥላሴን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልሽም። እስከ ዛሬ ሳልጠይቀው እኔው በስሙ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ በስሙ መዋሸት ፈራሁ፤ ልጠይቀውም ፈራሁ።

እህትሽ ዘርፌ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ሐሙስ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.