ሐረጎ እስኪገለጥ

ሰኞ፣ ነሐሴ 6። ከቀኑ 10 ሰ.፣ ኮምቦልቻ

የሬዲዮው ባትሪ ዛሬም ደክሟል። ነፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። ደመናው ሐረጎ ተራራ ትከሻ ላይ ተኝቶ አልነሣም ብሎ ዋለ። ይህን ሁሉ ጠዋት በማይክሮፎን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ላንቺ ለማስታወሻዬ የምደግመው እንዳለ እንዲቀመጥ ብዬ ነው።

የጠዋቱ በረራ የካፕ. መክብብ ነበር። ያቺ ባለ ሁለት ሞተር አሮጊት። ከተሳፋሪዎቹ መሃል ከላይ የተላኩ አንድ ትልቅ ጓድ አሉ። ለእሳቸው ሲባል ተማሪው ሁሉ ሜዳው ዳር ተሰልፏል፤ ዝናቡ ይወርድበታል። የኛ ካድሬ ጓድ ገረመው ሬዲዮ ክፍሌ ገብቶ ከወንበሬ ጀርባ ተገትሯል። ማንም አልፈቀደለትም፤ የሚከለክልም የለም። የጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ይመርም በሩ ላይ ቆመዋል።

ካፕ. ከደመናው በላይ ሆነው ምን ይታይሻል አሉኝ። የሚታየኝን ተናገርኩ። ሐረጎ የለም፣ ተሸፍኗል። በቦርከና በኩል ሊገለጥ ይመስላል፣ ግን ገና። ማኮብኮቢያው ላይ ደግሞ በሬዎች ገብተዋል። ጥበቃችን ጋሼ አሊ በዱላ እያባረሯቸው ነው።

እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። የግራው ሞተር ዘይት እየተፋ ነው። ወደ አ.አ. ልመለስ ቢሉ ያን ሁሉ ተራራ በአንድ ሞተር። ልውረድ ቢሉ ተራራውን ሳያዩ። ድምፃቸው የወትሮው አይደለም። ቀጥኗል።

ገረመው ከኋላዬ፣ "አየሩ ጥሩ ነው፣ ውረድ በይው!"

ጥሩ አይደለም አልኩ።

"ሕዝብ እየጠበቀ ነው እኮ!"

ተራራውም እየጠበቀ ነው አልኩት።

ትከሻዬን ያዘኝ። በክርኔ መታሁና አስለቀቅሁት። ማይክሮፎኑን ተጫንኩ፤ "አብሽሩ ካፕቴን። ሐረጎ እስኪገለጥ እዚያው ይዙሩ። ሲከፈት እኔ እጠራዎታለሁ። አብሽሩ።"

ያልኩት ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ተገለጠ። በሬዎቹ ወጡ። ጠራኋቸው። ጅራቷን እንደ ሰካራም እያወዛወዘች ገባች፤ ጎማዋ መሬት ሲነካ የግራ ሞተሯ ጭስ እየተፋ ቆመ። ክንፏ በዘይት ጠቁሯል። የሞተ የለም፣ የተጫረ የለም። ተማሪዎቹ ሳይታዘዙ አጨበጨቡ። እንግዳው ጓድ ግን ሱፋቸው ላይ አስመልሰው ነበር። ንግግር የለም፣ ሰልፉ ተበተነ።

ካፕ. ክፍሌ መጡ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አብሽሩ" ምን ማለት ነው? እሳቸው የአ.አ. ልጅ ናቸው። አይዞዎት፣ አያስቡ፣ ደህና ይሆናል ማለት ነው አልኳቸው። ሳቁ። "እኔኮ የቦታ ስም መስሎኝ ካርታው ላይ ስፈልግ ነበር!" ሳቃቸው ሳያልቅ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፊቴን አዞርኩ።

ዛሬ ሥራዬን ሠርቻለሁ። ጻፊው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7። ደሴ፣ ከምሳ በኋላ

ታገድኩ!

ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። ገረመው ተቀምጧል፣ ይመር ከጎኑ። "አብሽሩ" የማን ቋንቋ ነው? ከማን ጋር የተስማማሽበት ቃል ነው? አየሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ አውሮፕላኑን በምስጢር ቃል አየር ላይ ያቆምሽው አቀባበሉን ለማበላሸት አይደለም?

ሳቅኩ። እየቀለደ መስሎኝ። ገረመው ከሸዋ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ቃሉን ባያውቅ አልፈርድበትም። ወደ ይመር ዞርኩ። ይመር ግን የዚሁ አገር፣ የኩታበር ልጅ ነው። ይህን ቃል ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ለተሸካሚው ይለዋል፣ ሻንጣው ለጠፋበት መንገደኛ ይለዋል፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ቤታችን መጥቶ ለኔ ብሎኛል።

እና ምን አለ? ጠረጴዛውን እያየ፣ "ቃሉ ለሬዲዮ የተፈቀደ አይደለም" አለ።

ሌላ አልጨመረም።

እስከ ትናንት "እሳቸው" እያልኩ የጻፍኩልሽ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ "እሱ" ነው። አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ቅዳሜ በሠራተኛው የውይይት ክበብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ ላደርግ ነው። ጥፋቴን ካመንኩ ወንበሬ ይመለስልኛል። ካላመንኩ ነገሩ ወደ ላይ ይሄዳል።

ያንን ወንበር ደግሞ ማንም በችሮታ አልሰጠኝም። የአብራሪነት ፈተና ወንዶቹን በልጬ ነው ያለፍኩት። ቁመቴን ለኩ፣ ዓይኔን አዩ፣ ከዚያ ሴት አንቀበልም አሉኝ። ያን ፈተናው በር ላይ መጻፍ ይችሉ አልነበረም? ሬዲዮ ላይ አስቀመጡኝ። መብረር ካልቻልኩ የሚበሩትን በሰላም አወርዳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ በሰላም አወረድሽ ብለው ያነሡኛል።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 9። ጠዋት 5 ሰ.

ታግጄም ቢሆን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሜዳውን ከአጥሩ ውጭ ማየት አልተከለከለም። ወንበሬ ላይ ገረመው ያመጣው ሰው ተቀምጧል። ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ በመስኮት እጁን አውጥቶ ያያል። ወላሂ!

ጋሼ አሊ አጥሩ ድረስ መጡ። እታለም፣ የወሬውን ነገር ሰምተሻል ወይ አሉኝ። የትኛውን? እያመነቱ ነገሩኝ። ከካፕቴኑ ጋር ነገር አላት፣ ቃሉም የፍቅር ቃል ነው እየተባለ ነው። ካፕ. መክብብ የሸበቱ ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸው እኔን ያክላሉ። ሴት ስትሆኚ ክስሽ ሁለት ነው፤ ያደረግሽው አንዱ፣ ወንድ ስላለበት ሌላው።

የሰኞው ረዳት አብራሪ ዛሬ በሌላ አውሮፕላን መጥቶ ነበር። ጠብቄ ያዝኩት። ካፕ. ከመብረር ታግደዋል አለኝ። በመኪና አ.አ. እንደገቡ ነው የምርመራ ሰዎች የጠየቋቸው። ቃሉ አይዞህ ማለት ነው ብለዋል፤ አላመኗቸውም። ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት የኔን ግለ ሂስ ነው።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ምልክት ላኪ ካለው ተቀባይ አለው። እኔ አጥፍቻለሁ ብል የምስጢር ቃል ልኬያለሁ ማለት ነው። እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው እስር ቤት ይገባሉ። ለካስ ያን ያህል የለዘቡልኝ ለዚህ ነው።

አንተስ ከጎናቸው አልነበርክም ወይ አልኩት። ቃሉን አልሰማህም?

"ማዳመጫዬን አውልቄ ነበር ብያለሁ።"

ብለሃል ወይስ አውልቀህ ነበር?

ጫማውን ያያል። የዘንድሮ ወንድ ዓይኑ መሬት ላይ ነው የበቀለው።


ዓርብ፣ ነሐሴ 10። ከጁምዓ በኋላ

ይመር ቤታችን መጣ። ሰፈራችን ሆጤ ድረስ፣ ከመናኸሪያው በእግሩ። እማ ሱቋን ዘግታ ገና መግባቷ ነበር። እንግዳ ነውና አስገባችው፣ ቁጭ አለ፣ ሻይ ቀረበለት። እኔ ቆሜ ሰማሁት።

ልጆች አሉኝ አለ። ያለሁበትን ታውቂዋለሽ አለ። ነገ ሁለት ቃል ተናግረሽ ገላግዪን። ግለ ሂስ የማያደርግ ማን አለ? እኔስ ስንቴ አድርጌያለሁ!

ካፕቴኑስ? አልኩት።

"እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ መላ አያጣም።"

እማ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባች። "አንተ ይመር፣ ቃሉን አታውቀውም እንዴ?" አለችው። እንዴት አላውቅም አለ። "ታዲያ ለምን አልተናገርክላትም?" ስኳር ጨመረ። አማሰለ። ስኳር ጨመረ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ፣ ዞረ፣ በሐዘኔታ አየኝና፣ "አብሽሪ ሰዓዳ፣ ያልፋል" አለኝ።

ማስታወሻዬ፣ በዓይንሽ ብታዪው!

ጮኽኩ። ምን አልክ? ድገመው! ከማን ጋር የተስማማህበት ቃል ነው ጓድ ይመር? ጎረቤት ወጣ። አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን እንደ ሌባ ወረደ። እማ ምሰሶውን ተደግፋ ሳቋ ሊገድላት ደረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ንዴት ነው እንጂ ሐዘን አይደለም። እንዳታምታቺው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11። ከሰዓት

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተሸካሚው፣ ጽዳቱ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ሁሉም። ገረመው መድረክ ላይ። ይመር ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

ተነሺ ተባልኩ፣ ተነሣሁ። አንደኛ፣ ሐረጎ ተሸፍኖ ነበር። ሁለተኛ፣ በሬዎች ነበሩ። ሦስተኛ፣ ቃሉን ብያለሁ፤ አይዞዎት ማለት ነው፣ ነገም ያለቀለት ሞተር ይዞ ለሚመጣ ሰው እለዋለሁ። ጥፋት የለብኝም፣ የማደርገው ግለ ሂስም የለም። ተናግሬ ሳልቀመጥ ቆምኩ።

ገረመው፣ "ይህ ቃል አየር ላይ ምን ይሠራል? ለማን ነው?"

ጋሼ አሊ ከኋላ ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔም ወንጀለኛ ነኝ። ያን ቀን ኸሜዳው ሳስወጣቸው በሬዎቹንም አብሽሩ ብያቸዋለሁ። እነሱንም ይጠሩልኝና ይጠየቁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከልቡ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከጽዳቶቹ አንዷ፣ "እኔም ለባሌ ጠዋት ብየዋለሁ፣ ጻፉኝ!" አለች። ሌላው፣ እኔም! እኔም! ገረመው ጠረጴዛውን እስኪሰነጠቅ ደበደበ። አንገቱ ቀላ። ስብሰባው ተበተነ ብሎ ወጣ።

ያሸነፍን መሰለኝ። ወደ ደሴ ስመለስ መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን እየተፍለቀለቅኩ ነበር።


እሑድ፣ ነሐሴ 12። ረፋድ

አላሸነፍንም።

ጋሼ አሊ በጠዋት ከኮምቦልቻ መጡ። ወደ አ.አ. የሚላከው ቃለ ጉባኤ ትናንት ማታ ሲነበብ በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። በሬ የለም፣ ሐረጎ የለም፣ ሳቅ የለም። "ቃሉን መናገሯን አምናለች" ይላል፣ በቃ። ነገ በሚሄደው የድርጅቱ መኪና ይላካል።

ውሸት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ውሸት አይደለም። አምኛለሁ፣ ብያለሁ። እውነቱን ቆርጠው አንገቱን ብቻ ሊልኩት ነው። የቆረጠው ደግሞ የይመር እጅ ነው። አማርኛ የሚችል እጅ።

ስለዚህ እኔው አ.አ. እሄዳለሁ። ጠያቂዎቹ ፊት ቆሜ የቀረውን እናገራለሁ።

ችግሩ ይለፍ ነው። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያለ መሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ አልሰጥም አለ። መሥሪያ ቤቴ ይመር ነው። ታመምኩ በይ አሉኝ ጋሼ አሊ። እማ ተቆጣች። በውሸት ተነሥተሽ ነው እዚያ ደርሰሽ እውነት የምትናገሪው? አለችኝ።

እንግዲያው ተዪኝ፣ ያለ ወረቀት እሄዳለሁ አልኳት።

"ማን ብቻሽን ይሰድሻል?"

ያለችኝን በአጭሩ፦ እሷ የጨርቅ ነጋዴ ናት፣ የንግድ ይለፍ አላት። ያ ለአንድ ሰው ነው። ኬላው ላይ ሲጠይቋት፣ ይህች ልጄ ናት፣ ወረቀት የላትም፣ ቃሏን ልትሰጥ እየወሰድኳት ነው ትላቸዋለች። ካልገባቸው ወርዳ አብራኝ ትቀመጣለች። አቡሽ፣ አንተም እናት አለህ ትለዋለች ወታደሩን። እና ሰው ስለ ካፕቴኑ የሚያወራውስ? አልኳት። እናቷን ይዛ ወደ ውሽማዋ የምትሄድ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? አለችኝ።

ልብሴን አጠብኩ። በዝናቡ ግን አልደረቀልኝም።


ሰኞ፣ ነሐሴ 13። ጠዋት 12 ሰ.፣ የደሴ አውቶቡስ መናኸሪያ

ቀሚሴ እርጥብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። እንደ ካድሬ የለበሰ ሰው በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ይዝለል። አልወርድም።

መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ወንበሬ እንደማይጠብቀኝ አውቃለሁ። ከአሁን ወዲያ እዚያ ሜዳ ላይ አውሮፕላን የምጠራው እኔ አይደለሁም። ይህን ስጽፈው ያመኛል፤ ሰዎቹን ሳይሆን ያን ወንበር ነው የምወደው።

የአውቶቡሱ ረዳት እማን ይለፍ ጠየቃት። አሳየችው። ይቺስ? አለ፣ እኔን እያየ። እማ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ጎኔ ገብታ ተቀመጠች፣ እና ጮክ ብላ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማ፣ ወረቀት የላትም ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ረዳቱ ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ በመስተዋት እኔን አየኝ፣ ሞተሩን አስነሣና ነዳ። አውቶቡሱ እያንገጫገጨኝ ነው፣ ኬላው ድረስ ይብቃኝ።