ሹክሹክታ የማያመልጣቸው መምህርት የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የታላላቆቻቸውን ጥፋት ሲያሳብቁ እንዳደጉ እህቶቻቸው ዛሬም በቅሬታ ያነሡታል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በ1965 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ሒሳብ አስተማሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው እንኳ ኩረጃ ስለማያመልጣቸው ተማሪዎቻቸው «ራዳር» አሏቸው። ስሙን ሲሰሙ የተቆጡ ይመስላሉ እንጂ ደስ ይላቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሆደ ቡቡው አባታችን የቤት ሥራችንን ተደብቀው ይሠሩልን ነበር፤ እናታችን ግን በእጅ ጽሑፋቸው እየለዩ ይይዟቸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ታወቀ። እሱንስ ችለው ኖሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የጣዱትን መርሳት፣ የጀመሩትን ስሌት መሃል ላይ መተው ሲያበዙ አእምሯቸው የከዳቸው መስሏቸው ፈሩ። እኛ «እርጅና ነው» ብለን ልናባብላቸው ሞከርን፤ እሳቸው እውነቱን ማወቅ ፈለጉ።

ሐኪሟ የማስታወስ፣ የትኩረትና የማቀድ ችሎታቸውን በየተራ ሲፈትኗቸው፣ አጠገባቸው የተቀመጡት አባታችን አላስቻላቸውም። እንዲያስታውሱ ከተነገሯቸው አምስት ቃላት የጠፏቸውን ሁለቱን እያሳሉ በመሃል ሹክ አሏቸው። እናታችን የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አውጥተው «ዶክተር፣ እኚህ ሰውዬ እያቀበሉኝ ነውና ወደ ውጭ ይውጡልኝ» አሉ።

አባታችን ኮሪደር ላይ ቆዩ። ሐኪሟ ፈተናውን ጨርሰው፣ የቤት ውሎአቸውንም እኛን ጠይቀው፣ ከፓርኪንሰኑ ጋር የመጣ ቀላል የማሰብና የማስታወስ መቀነስ እንጂ ራስን መቻል የሚነሣ የመርሳት በሽታ እንዳልሆነ ነገሯቸው፤ በየዓመቱ እንዲታዩም አዘዙ። እናታችን የፈተናውን ወረቀት ተቀብለው የነጥቡን ድምር አረጋገጡ። ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ደብተር ይዘው፣ መድኃኒታቸውን በደወል እየወሰዱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሒሳብ እያስጠኑ ዓመታት በደስታ ኖሩ።

በመጨረሻዎቹ ወራት ሕመማቸው ጠንቶ ስማችን ይጠፋቸው ጀመር። አንድ ከሰዓት አልጋቸውን ከበን ሳለ፣ አባታችን እንደ ልማዳቸው ጆሯቸው ሥር ስማችንን አንድ በአንድ ሹክ አሉ። እናታችን አላባረሯቸውም። የተነገራቸውን እየተቀበሉ እያንዳንዳችንን በስማችን ጠሩን።

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል፤ በጣም ይናፍቁናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ያቺንም የከሰዓት ሹክሹክታ ኩረጃ ብሎ አይቁጠርባቸው።