«ይገባል» ያልኩት ጥይት

በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችኝ፣ ከእማዬ ቀጥሎ ቁጣዋን ለምፈራት ለታላቅ እኅቴ ለእታለም ይድረስ።

እንዴት ነሽልኝ? ትከሻሽስ? ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል ወይስ ተሻለው? እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ እንቅልፏ? ባለቤትሽን የግንብ ሥራው እንዴት አደረገው? ልጅሽስ ከእኔ በልጣ አደገች ወይስ ገና እያሰበችበት ነው? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ካለፈው እሑድ ንዴትሽ በቀር የሚያመኝ የለም።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ደብዳቤሽ ደርሶኝ «አሳማዎቹ በቆሎውን ጨረሱት፤ የአባባ ጠመንጃ ጥይት አልቋል፤ ዋርሳዬ ከጦር ሠራዊት ግምጃ ቤት የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ጥይት አምጥቶልኛል፤ ልኩ አንድ ነው ይላል፤ አንተ የጠመንጃ ሐኪም ነህና እውነት ነው?» የሚለውን ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን ሞረድ ጥዬ ነው ወደ ስልክ የሮጥኩት። አንቺ ግን መልሴን መች ጠበቅሽ! «ሦስቱን ተኩሼ አንድ አሳማ ጥያለሁ፤ አንዱ ከሽፎብኝ ወዲያው አውጥቼ ወረወርኩት» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ጮኽኩብሽ። አንቺም «አባባ ጠመንጃውን ለማን እንደተወው ረሳኸው?» አልሽና ዘጋሽው።

አልረሳሁትም። አባባ ወንድ ልጁን አልፎ ለአንቺ የሰጠው አንቺ ከአውድማው ማዶ ቅል ስትመቺ እኔ ተራራ አነጣጥሬ ስለምስት ነው። ትክክል ፈርዷል። እሑድ ዕለት የጮኽኩት ላዝዝሽ ፈልጌ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የፈራሁበትን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም አልጻፍኩም። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ስታነቢላት ከዚህ በታች ያለውን ዝለዪው፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ አንብቢላት።

የምሠራበትን ቤት በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። አውቶቡስ በሚዞርበት መንገድ ጥግ ያለ፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ዘይትና የተላገ እንጨት የሚሸት ቤት ነው። ለጥገና የመጡ ጠመንጃዎች አንገታቸው ላይ ወረቀት ታስሮላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የተሰለፉ በሽተኞች ይመስላሉ። አለቃዬ አንዱን መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ አድርገው «መነጽሬን ያየ» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ዓመት ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ሲያስፈትጉኝ ኖረው በሦስተኛው ዓመት ሽርጥ አልብሰው ከደንበኛ ፊት አቆሙኝ። ያን ዕለት ብታዪኝ ሹመት የተሰጠኝ ነበር የምመስልሽ።

ከደንበኞቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ሥራ ባይኖራቸውም እየመጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቀልድ የሚያወሩ፣ ሲስቁ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጡ ሰው። ጠመንጃቸው እንደ አባባ ጠመንጃ ያለ፣ ለአደን ተብሎ የተሠራ፣ በየጥይቱ መቀርቀሪያውን እየሳቡ የሚያጎርሱት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው እኔ ብቻዬን ሳለሁ መጡና ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ጥይት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። የድሮ የወታደር ጥይት ነው፤ አንድ የሚያውቁት ሰው ከነቆርቆሮው ሰጥቷቸዋል። «ይሄ ለእኔ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

ከመደርደሪያ አንድ ትክክለኛ ጥይት አውጥቼ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፤ መንትዮች። የእሳቸውን ጥይት አጎረስኩና አፈሙዙን አሸዋ ወደተሞላው በርሜል አድርጌ መቀርቀሪያውን ዘጋሁት። መጨረሻው ላይ ጠበቅ አለኝ፤ ገፋ ሳደርገው ተዘጋ። ያቺ መጥበቅ ልታስቆመኝ ይገባ ነበር። ግን ሌላ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሟል፤ ደግሞም እኒህ ትልቅ ሰው ምክር የጠየቁት እኔን ነው። «አላውቅም፣ አለቃዬ ይምጡ» ብል የለበስኩት ሽርጥ የሚወልቅብኝ መሰለኝ። «ይገባል» አልኳቸው። «አንተ ካልክ ይበቃኛል» ብለው ጥይታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስታቸው ጠመንጃውንና የተረፉትን ጥይቶች በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ሰውዬው ዒላማ ሊለማመዱ ወዳጃቸው እርሻ ሄደው ነበር። ሰባቱ በደንብ ተተኮሰ። ስምንተኛው «ቀጭ» ብቻ አለ። «ከሸፈ» ብለው መቀርቀሪያውን ሳቡት። ሳብ ሲያደርጉት፣ ገና ከግማሽ ሳይደርስ፣ ጥይቱ ፈነዳ። የቀለሁ ስብርባሪ ጉንጫቸውን ቀዶ ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «ጠይቄያለሁ፣ ይሆናል ተብያለሁ ብሎኝ ነበር» አሉና አለቃዬንም እኔንም በተራ አይተው ወጡ።

አለቃዬ የተረፉትን ጥይቶች ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝና «እይ» አሉኝ። የአንዳንዱ ቀለህ አንገት እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። አንዱን ፈተው ባሩዱን ሲያፈሱት እርጥበት እንደነካው ጨው ተጓጉሏል። ሁለቱ ጫፋቸው ቀለም የተቀባ ነው፤ እንዲህ ያለው እሳት እየረጨ የሚሄድ ሊሆን ይችላል፣ ደረቅ ማሳ ላይ ቢወድቅ አገር ያቃጥላል አሉኝ። ያረጀ ጥይት ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱሉ ሲመታ ወዲያው ላይነሣ ይችላል፤ የከሸፈ መስሎ ውስጡ እያሰበ ይቆይና ይፈነዳል። የወታደር ጠመንጃ ደግሞ ጥይቱ የሚተኛበት ጎሬ ሰፋ ያለ ነው፣ ጭቃ ገብቶበትም እንዲተኩስ። የአደኑ ጠባብና ልክክ ያለ ነው። ስለዚህ ስማቸውም መልካቸውም አንድ የሚመስሉ ጥይቶች እንኳ አንዱ ጋ የተስማማው ሌላው ጋ ላይስማማ ይችላል። «የእኔ እግር ያንተ ጫማ ውስጥ ይገባል» አሉኝ፤ «ሮጬበት ስወድቅ ግን ማን ያነሣኛል? ጠመንጃ እንደ ሆድ አይደለም፤ የጎረሰውን ሁሉ አይፈጭም።»

ከዚያ ቀና ብለው «ይሆናል ያላቸው ማን ነው?» አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ አንዱ ጠያቂ ነው። «እኔ ነኝ» አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ። «እሱን ተወውና ኮትህን ልበስ» አሉኝ። «ሄደህ ፊታቸውን እይ።»

እታለም፣ ቤታቸው ሄድኩ። ሰውዬው ፊታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መሬት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝና «ታውቅ ነበር?» አሉኝ። «አላውቅም ነበር» አልኩ። «ታዲያ አላውቅም ማለት ምን ያቅታል?» አሉ። ቀጥለውም፣ «አርባ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ። ምልክቱ ካልታየኝ አቆም ነበር። ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ አለቃ ይቆጣኛል፣ እኔ አቆማለሁ። አንተ ምልክቱ ሳይታይህ ሂድ አልከኝ። እኔም ሳይታየኝ ሄድኩ» አሉኝ። ሚስታቸው ውኃ አምጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ውኃ የሚመር ነገር ጠጥቼ አላውቅም።

ዓይናቸው አልተረፈም። ከአምስት ወር በኋላ ወደ ሥራ ቤታችን መምጣት ጀመሩ። አለቃዬ የተጎዳውን መቀርቀሪያ ለወጡላቸው። ሰደፉን በግራ ትከሻቸው እንዲይዙት አድርጎ ማስተካከሉን ግን ለእኔ ሰጡኝ። ለምን ለእኔ ብዬ ብጠይቃቸው «አንተ ከእንግዲህ ሳታይ አትናገርም» አሉ። የባቡር ነጂው ቀልድም ተመልሷል። ሲወጡ ግን በማያዩበት በኩል ያለው የበሩ መቃን ሁልጊዜ ትከሻቸውን ይመታዋል። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ መቃኑ ግን ይቅር አላለኝም።

አሁን ገባሽ ለምን እንደጮኽኩ? አንቺ «ከሽፎብኝ ወዲያው አውጥቼ ወረወርኩት» ስትዪ እኔ የሰማሁት የእኒያን ሴትዮ ድምፅ ነው።

ቆርቆሮሽ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ደህና ሊሆን ይችላል። በደንብ ተቀምጦ የኖረ፣ አዋቂ አንድ በአንድ አይቶት የሚተኮስ የወታደር ጥይት አለ። የአንቺ ግን የት እንደከረመ፣ ስንት ዝናብ እንዳየ፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደተሠራ ዋርሳሽም አያውቅም። ጠመንጃው ላይ ከጎሬው አጠገብ የተቀረጸውን ቁጥርና ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ለአለቃዬ አሳያቸዋለሁ። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ አዋቂ በዓይኑ ሳያየው አትተኩሺው። ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንደ ቀድሞው ለጠመንጃዋ የተሠራውን አስመጪ። ቆርቆሮውን ከምድጃና ከልጅሽ አርቀሽ ለፖሊስ ጣቢያው አስረክቢ። የወረወርሽውንም ሰው ልካችሁ እንዳትፈልጉት፤ ቦታውን አጥራችሁ ለጣቢያው ንገሩ። ገለባ የምታቃጥሉም ከሆነ በዚያ በኩል ይቅር።

ወደፊት በደህናው ጥይትም ቢሆን «ቀጭ» ካለብሽ መቀርቀሪያውን አትንኪ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አፈር አዙረሽ ከትከሻሽ ሳታወርጂ ቀስ ብለሽ እስከ መቶ ቁጠሪ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ክፈቺው። ደግሞ የአንዳንዱ የድሮ ጥይት ጢስ እንደ ጨው ብረት ይበላል፣ ዘይት ብቻ አያስለቅቀውም። ባዶ መሆኑን አረጋግጠሽ መቀርቀሪያውን አውጪና አፈሙዙን በሙቅ ውኃ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ከዚያ ዘይት ቀቢው።

በቆሎው እንደሚያሳዝንሽ አውቃለሁ። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተራ ገብታችሁ ቆርቆሮ እየመታችሁ ጠብቁ፤ ቦይም ቆፍሩ። አንድ ረድፍ በቆሎ አሳማ ይብላው። ራሴን ከአሳማ ጋር አስማምቼ እንደምለምንሽ ብታውቂ ትስቂብኝ ነበር፤ ሳቂብኝ። ታላቄ ነሽ፣ ልከለክልሽ አልችልም። ልለምንሽ ግን እችላለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በደንብ እንደምበላና ደረት የሚሸፍን ልብስ እንዳለኝ ንገሪያት። ባለቤትሽን ግንቡን ቀጥ አድርጎ እኔን ከሐሜት እንዲያተርፈኝ፣ አማቼ ግንበኛ ነው ብዬ እዚህ ስኮራ እንደምኖር ንገሪው። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን። ስልኩን ላበደሩን ጎረቤታችን ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ዋርሳሽን በብርቱ ሰላም በይልኝ፤ ጥይቱን በቅንነት እንዳመጣው አውቃለሁና በዚህ ነገር አታሳፍሪው፤ እኔም ያን ዕለት ቅን ነበርኩ።

ወንድምሽ፣
ከሥራ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ጥር ዘጠኝ ቀን።