የኪዳነ ምሕረት ጣራ የተለወጠበት ዓመት

ለየሺ፣ ለቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ዛሬ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንቺ ግን ከዚያ ሁሉ ሳልና ትኩሳት አርፈሻል፣ ጤናው የሚጠየቀው የእኔ ነው። ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እቀድሳለሁ። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለብኝም።

ፊደል ባትቆጥሪም እዚህ ቤት የገባውን ደብዳቤ ሁሉ እያነበብኩ አሰማሽ ነበር። አንቺ እየፈተልሽ ታዳምጪና መጨረሻው ላይ «እሱስ ይሁን፣ የልቡን ግን አልጻፈም» ትዪ ነበር። እኔ የልቤን ለመጻፍ እሞክራለሁ። በዓመቱ የሆነውን ሁሉ ሳልነግርሽ ከረምኩ፤ ሸክም ሆኖብኛል።

አርባሽ በወጣ በሳምንቱ የደብሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤት መጡ። ምን ሊጠይቁ እንደመጡ ገብቶኛል። ሚስቱ የሞተችበት ካህን ሌላ አያገባም፤ ብዙዎቹ ቆብ ተቀብለው ወደ ገዳም ይሄዳሉ። ዙሪያውን ሲሄዱ ቆይተው በመጨረሻ የጠየቀኝ አያ ብሩ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣራ የሚከድነው እሱ ስለሆነ ስለ ጣራው የጀመረ መስሎ፣ ደብሩን ትቼ እሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም ጣራው እስኪታደስ ድረስ እንደምቆይ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዋልድባ እንደምወርድ ነገርኳቸው። እውነቴን ነበር። ቤቱ ያላንቺ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር፤ ገበዝነቱም፣ ቁልፉም፣ ዕቃ ቤቱም ከእጄ ቢወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጣራው እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ። በመጨረሻው ክረምትሽ፣ ተኝተሽ ሳለሽ እንኳ፣ ከቅዳሴ ስመለስ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ዛሬስ አፈሰሰ?» ብለሽ ነበር። አፍስሷል እንዳልልሽ እየፈራሁ ዋሽቼሻለሁ። በጥር፣ እንደ ልማዳችን፣ ወንዶቹ ማጭድ ይዘው የክዳኑን ጓሳ ሳር ሊያጭዱ ወደ ጋራው ወጡ። አንቺ ሴቶቹን አስከትለሽ ነዶውን እያሸከምሽ፣ ከሁሉም ትልቁን ራስሽ ተሸክመሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ እየዘፈናችሁ ትመጡበት የነበረው ጋራ ዛሬ ገብስ ነው። ለልጆቻቸው መሬት ያነሳቸው ሰዎች አርሰውታል፤ ማንን እቆጣለሁ? የተረፈውንም ከብት ግጦታል። ወንዶቹ በሁለተኛው ቀን ሲመለሱ የያዙት ሳር የጣራውን ጫፍ እንኳ አይሸፍንም ነበር።

በመጋቢት ከጎንደር መልእክት መጣ። ከኮሶዬ በታች፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለው የጣሊያን ካምፕ ሊፈርስ ነው፤ ቆርቆሮው ለደብራችን ተፈቅዷል የሚል ነው። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በግቢው አቁሜ የምሥራቹን ተናገርኩ። እልል የሚሉ ነበሩ። ወዲያው ግን ድምፁ ጠፋ። ቀና ብል አያ ብሩ ቆሟል።

ምን ነካኝ የሺ? እንዴት አላሰብኩትም? ልጁ ደሳለኝ በአምስቱ ዓመት ተይዞ የገባው እዚያ ካምፕ ነው፤ ገብቶም አልወጣም። ያን ሰሞን የአያ ብሩን ሚስት እትዬ ጥሩነሽን አቅፈሽ ስንት ቀን እንደሰነበትሽ እኔ አውቃለሁ። አያ ብሩ አልጮኸም። «ልጄ በዚያ ቆርቆሮ ሥር ገብቶ ቀረ» አለ። «ያንን በእመቤቴ ላይ የምታለብሱ ከሆነ እኔን ከዚህ ደብር አትቁጠሩኝ።» በትሩን አንሥቶ ወጣ። ዘመዶቹም ተከተሉት፣ ወዳጆቹም ተከተሉ። በሚቀጥለው እሑድ ገደሉን ተሻግረው ጎረቤት ደብር አስቀደሱ። እኔ ለግማሽ ሕዝብ ቀደስኩ።

እንደዚያ ሰሞን ፈልጌሽ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አንቺ ምንም ሳትናገሪ ተነሥተሽ ትሄጃለሽ፤ ከተቀየመው ሰው ሚስት ጋር ተቀምጠሽ ገብስ ስትፈትጊ ትውያለሽ፤ ስለ ጠቡ አንዲት ቃል ሳታነሺ ትመለሻለሽ። በሳምንቱ ሰዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። እኔም እንዳንቺ ላድርግ ብዬ ሄድኩ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ገና ከመቀመጤ ሥርዓት ጠቀስኩ፣ ይቅርታን ሰበክሁ፣ ዕቃ ኃጢአት የለበትም አልኩ። አያ ብሩ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ጨረሱ አባቴ?» አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩ። በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ መስቀል ተሳለመኝ። እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ አልወጣችም። አፍሬ ተመለስኩ።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ግንቦት ውስጥ፣ በአንድ እሑድ፣ ቅዳሴው ከእኩሌታው ሲደርስ በረዶ ወረደ። እንዲያ ያለ በረዶ በዕድሜዬ አላየሁም። በምሥራቅ በኩል ያለው ክዳን ከነማገሩ ተናደ፤ ውሃው በቀጥታ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ እመቤታችን ቃል ኪዳን ስትቀበል በተሣለችበት ሥዕል ላይ ወረደ። የተሣለችበት ሸራ ከግድግዳው ሲላቀቅ ዓይኔ ያያል። ከመንበሩ ፊት መንቀሳቀስ ግን አልችልም፤ የጀመሩት ቅዳሴ አይቋረጥም። ከውጭ ሰው ሲጠራራ እሰማለሁ። ጋቢውን የሚያወልቅ፣ ደበሎውን የሚያመጣ፣ መሰላል የሚያቀርብ ሩጫ ሆነ። ከዚያ ከራሴ በላይ፣ ከጣራው ላይ፣ የአያ ብሩን ድምፅ ሰማሁ።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ስለሆነ ክዳኑ ሲናድ አይቷል። ያን ዕለት ወደ ጎረቤት ደብር አልሄደም ነበር። የሚተኛበትን የቆዳ ጀንዲ ከመደቡ ገፎ፣ በዚያ ዕድሜው መሰላሉን ወጣ። ጀንዲውን በቀዳዳው ላይ ዘረጋ፤ ንፋሱ እየገለበጠ ሲያስቸግረው ጊዜ ራሱ በላዩ ተኛበት። እኔ ሕዝቡን አቁርቤ እስካሰናብት ድረስ በረዶው በጀርባው ላይ ሲወርድ ከዚያ አልተነሣም።

ስወጣ አውርደውት ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። እጁ አብጧል፣ ግንባሩ ደምቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ቻልኩ የሺ። ብዙ ቆይቶ «ቆርቆሮውን አምጡት» አለኝ። «ግን እኔ ሳላጥበው አንዱም እንዳይወጣ።»

ወንዶቹ ቆርቆሮውን ከመኪናው መንገድ በሸክም አወጡት፤ ከጠበሉ በታች ካለው መስክ ላይ ከመሩት። ውሃውን ባረኩለት። አያ ብሩ እጀ ጠባቡን ጠቅልሎ፣ ጨርቅ በአመድ እየነከረ፣ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ፊቱንም ጀርባውንም ያጥብ ጀመር። የጣሊያኖቹ ፊደል የተጻፈበት ሲያገኝ በድንጋይ ይፍቀዋል። እናግዝህ ሲሉት እምቢ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻውን ዋለ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እሷን አልከለከላትም። በሦስተኛው ቀን ከእሱ ጋር የወጡትም፣ ከእኔ ጋር የቀሩትም አንድ በአንድ እየመጡ ከውሃው ዳር ተቀመጡ። ማንም ማንንም አልጠራም። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ።

የመጨረሻውን ቆርቆሮ አጥቦ ሲጨርስ እንደያዘው ቆየ። ከዚያ ለደሳለኝ ፍትሐት አድርጉልኝ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን አላስፈታለትም ነበር፤ ሬሳውን አላየሁም፣ ሞቷል ካልኩ እኔ ገደልኩት ማለት ነው ይል ነበር። ቆርቆሮው በመስኩ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ፣ እዚያው ቆመን ጸሎተ ፍትሐቱን አደረስን። እትዬ ጥሩነሽ ያን ቀን አለቀሰች። አንቺን ስትፈልግ፣ ወደ ሴቶቹ ዞር ስትል አይቻታለሁ።

ምስማር ፍለጋ ጎንደር ወረድኩ። አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ጥጥ ትገዢበት ከነበረው ከነጋዴው ከኑርሁሴን ሱቅ ገባሁ። ስለ ሞትሽ አልሰማም ኖሯል። ስነግረው ሚዛኑን አስቀምጦ ተቀመጠ፣ ወዲያውም ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ። ምስማሩን አስጭኖ ዋጋውን ብጠይቀው «ለለቅሶ ባዶ እጅ አይደረስም» ብሎ እምቢ አለኝ።

ከሰኔ መጨረሻ በፊት ጣራው አለቀ። ጉልላቱን ከነሰጎን እንቁላሉ አጥቦ መልሶ የሰቀለው አያ ብሩ ነው። ሥዕሉን ከጎንደር የመጣ ሠዓሊ መልሶ ለጠፈው፤ ከእመቤታችን እጅጌ ትንሽ ጠፍቷል፣ ፊቷ ግን ድኗል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣስ! ቆርቆሮው እንዴት እንደሚጮህ ማንም አልነገረን። የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አልቻልኩም፤ ዲያቆኑ ቦታው ጠፍቶት አፍጥጦ ያየኛል። ሕዝቡ ግን ከንፈሬን እያየ፣ ተራውን ጠብቆ ሲቀበል ቆየ። ሲወጡ አሮጊቶቹ «እመቤታችን ጆሮዋን ትያዝ» እያሉ ሳቁብኝ። አንቺ ብትኖሪ ከሁሉም ቀድመሽ ትስቂ ነበር።

አሁን ደግሞ ይቅር በይኝ። አንቺን ያሳረፍኩሽ በሴቶቹ መግቢያ በኩል ነው። ሳሩ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያንጠባጥብ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ሰብስቦ ይጥላል። ይህን አላሰብኩም። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ስመጣ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ከእግርጌሽ ያለውን አፈር ጠርጎ፣ ድንጋዮቹን አራቁቷቸዋል። ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር፤ ያን ግን አልቻልኩም። ዝናቡ ሳያባራ ዶማ ይዤ ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ስንት እንደቆፈርኩ አላውቅም። ሳላየው አያ ብሩ ከወዲያኛው ጫፍ ወደ እኔ ሲቆፍር ነበር፤ መሐል ላይ ተገናኘን። አሁን ውሃው ባንቺ አጠገብ አያልፍም። አፈሩን መልሰን፣ ድንጋዩን እንደገና ካብንልሽ።

ልጃችን አበባ መስከረም ላይ ጎንደር ትምህርት ቤት ገባች። እኔ አይሆንም የምለውን፣ አንቺ ይሁን ስትዪ የኖርሽውን። ፀዳ ከምትኖረው እህትሽ ዘንድ ተቀምጣለች። የጻፈችልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ ብቻዬን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እሷም ስትሄድ ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ጣራውም አልቋል። የገባሁት ቃል ደረሰ ብዬ መጽሐፌንና ልብሴን ቋጠርኩ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ላስረክብ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ቁልፉን የሚቀበል እጅ ግን የለም። በመጨረሻ አያ ብሩ «ምነው አባቴ፣ ቆርቆሮም እኮ ይዝጋል» አለ። «የሚያየው ሰው ይፈልጋል።» ከዚያ ሌላ የለመነኝ የለም። ፊታቸውን ሳይ፣ ከመካከላቸው ዘመዱን ያልቀበርኩለት ወይም ልጁን ያላጠመቅሁለት ሰው አልነበረም። ቁልፉን መልሼ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ቆቡን አንድ ቀን እቀበል ይሆናል፤ ከተቀበልኩም እዚሁ ነው።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። በጸሎቱ መካከል ያረፉትን በስም የምንጠራበት ቦታ አለ። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ስደርስ አንደበቴ እምቢ ይለኝ ነበር። ዝም ስል ረዳቴ ቄስ ይገባውና እሱ «ወለተ ኪዳን» ብሎ በክርስትና ስምሽ ይጠራሽ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። በሙት ዓመትሽ ዕለት እዚያው ቦታ ስንደርስ እንደ ልማዱ አፉን ሊከፍት ሲል እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁ። እኔ ጠራሁሽ። ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ጠራሁሽ፤ ሕዝቡም አሜን አለ።

ከእንግዲህ ይህን ሥራ ለሌላ አልሰጥም የሺዬ። ድምፅ እስካለኝ ድረስ በየቅዳሴው እጠራሻለሁ፤ ድምፄ ያለቀ ዕለት ለሚተካኝ ካህን ስምሽን በእጄ ጽፌ እሰጠዋለሁ።

ባልሽ፣ ቄስ መኩሪያ