ለዘርትሁን ዳሌ ዕድሜ ስለ መጠበቅ

ለተከበሩ የአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ልጆችዎስ? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን እንዳያምዎ ምኞቴ ነው። እኔ ባዩሽ ነኝ፣ የቀጨኔው ዕድራችን የሴቶች ሰብሳቢ።

እኛ ደህና ነን፤ ጎረቤቴ ዘርትሁን ግን ደህና አይደለችም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ኪሩ ጎሚስታ ይሠራል፤ ልጃቸው ሮሐ ገና ዓመት ከአራት ወሯ ነው። የዘርትሁን የቀኝ ዳሌ ከተወለደች ጀምሮ ከቦታው ወጣ ያለ ነበር። በልጅነቷ ያየላት ስላልነበረ እያነከሰች አደገች፤ አሁን መጋጠሚያው አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። የክፍልዎ ሐኪም በራጅ አይቶ ሰው ሠራሽ ዳሌ ይግባላት ብሎ ቢጽፍ፣ እርስዎ ገና ወጣት ናት፣ ዕድሜዋ ገፋ ሲል ትምጣ ብለው መለሷት። ወጣት ስላሏት እናመሰግናለን፤ በሰፈራችን እንዲህ ያላት ሰው የለም።

ቅሬታዬ በትሕትና ይኸው፦

፩. በሽተኛዋ ራሷ ካልቀረበች ቀጠሮ አይታደስም ስለተባለ፣ እሷን ቁልቁለቱን የምናወርድበት መኪና ብናጣ የዕድሩን ቃሬዛ አወጣንላት። አራት ጎልማሶች ተሸክመዋት ሲወርዱ፣ የታች ሰፈር ሴቶች ሬሳ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ወጡ። ዘርትሁን ቀና ብላ “ኧረ አለሁ!” አለች። ሳቅን፤ ቤት ስንገባ ግን አለቀስን። ዕድራችንን ከወዲሁ ስላለማመዱልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፪. ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። መራመድ የማይችል ሰው ይህንኑ ለማስረዳት ደረጃ እንዲወጣ ማድረግዎ ይደነቃል።

፫. የሚገባው ዳሌ ከሃያ ዓመት በኋላ ያልቃል ይላሉ። ይለቅ እንግዲህ! ሃያ ዓመት እኮ ልጅ ማሳደጊያ ነው። ዛሬ ሮሐ ወድቃ ስታለቅስ ጎንበስ ብላ ማንሳት አትችልም፤ እኔ ነኝ አንስቼ የማቅፋት፣ ማለቴ፣ ቤት ካለሁ። ወጣትነቷን አልጋ ላይ ጨርሳ ለእርጅናዋ ዳሌ ብትቀበል ምን ይሠራላታል?

ነገር ማሳመሬን ይተዉልኝና፣ ጌታዬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎ፦ ቀኑን ብቻ ይንገሩን።

ወንበርዎ እንደተመቸዎ ይሰንብት እያልኩ፣ ከብዙ አክብሮት ጋር፣
ባዩሽ፣ ከቀጨኔ

ማስታወሻ፦ ይህን ልፈርም ስል ከዘርትሁን ቤት ሰው መጥቶ ጠራኝና ሄድኩ። ሮሐ በዚህ ሳምንት መራመድ ጀምራለች፤ ታነክሳለች። ጎረቤታችን ስለሺ “እናቷን እያየች ነው፣ ትተወዋለች” ብሎ ሳቀ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሾዴ አልሳቀችም። ልጅቷን አስተኝታ ሁለቱን እግሮቿን ገጥማ አየችና “አንዱ ያጥራል፤ ነገውኑ ሐኪም ይያት” አለች። ዘርትሁን ለካ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ትሰማ ኖሯል። “እትዬ ባዩሽ፣” አለችኝ፣ “የእኔን ስም ሰርዘው የእሷን ይጻፉበት።”