የዛምፊራ ዳቦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 20
አባዬ ዛሬም የዳቦውን ግማሽ አስተረፈ። ተቆጣሁ። «ጠግቤያለሁ ልጄ» ይላል። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠግቦ? ግትር ሽማግሌ!

ቢሮ ስካነሩ ሲያስቸግረን ዋለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ቡግ ወንዝ ዳር ካምፖች የተጋዙትን፣ የአይሁዶችንም የእኛን፣ ሰው «ጂፕሲ» የሚለንን፣ የሮማዎችንም ስም ኮምፒውተር ላይ እየጫንን ነው። ቤተሰብ ሲፈልጋቸው እንዲያገኛቸው...

ማታ አባዬ እንደ ልማዱ «ዛምፊራን አገኘሻት?» አለኝ። ታናሽ እህቱ ናት። አምስት ዓመቷ ነበር፣ እዚያው ቀረች። ተዝካር ወጥቶላት አያውቅም። «ቀኑ ሳይታወቅ እንዴት ይሆናል?» ይላል። ልቡ ደክሟል። በሕይወት እያለ ባወጣላት...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 29
ምንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8
አገኘኋት! የካምፑ የዳቦ እደላ መዝገብ ላይ። ዛምፊራ፣ 5 ዓመት። በየቀኑ ምልክት አለ፣ እስከ መጋቢት 5። ከዚያ ተሰርዛለች። እሪ አልኩ።

የሥራ ባልደረባዬ ረጊና መጥታ አየችው። የእሷም አያቶች ከዚያው ወንዝ አልተመለሱም። «ቀስ በይ» አለችኝ። «ይሄ ማን እንደተቀበለ እንጂ ማን እንደበላ አይናገርም።»

መች ሰማኋት! ሮጥኩ ወደ ቤት። «አባዬ፣ ክረምቱን አልፋለች! እስከ መጋቢት ዳቦዋን እየበላች!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ... አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ የበላሁት።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9
ጠዋት ራሱ ማውራት ጀመረ። ዛምፊራ የሞተችው በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት፣ ኅዳር 27 ነው። ቀኑን ያውቀው ነበር! እናቱ ከጎጆው ጀርባ በረዶ ውስጥ ቀበረቻት። «እንዳታለቅስ፣ ከሰሙ ዳቦዋን ይከለክሉናል» አለችው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ሦስት ወር የእህቱን ዳቦ በላ። ለማንም እንዳይናገር አስማለችው።

«አገኘሻት?» ሲለኝ የናፈቀ መስሎኝ... ለካ እየፈራ ነው። ምነው ቀድሜ ብጠይቀው?

«ባትበላው አንተም ትሞት ነበር፣ እኔም አልወለድም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ይርበኝ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር። ገባሽ? ዳቦው ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር።»



ሰኞ፣ ኅዳር 11
ረጊና «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። እግዜር ይስጣት። ኮምፒውተሩ ላይ ከዛምፊራ ስም አጠገብ ያለውን የማስታወሻ ቦታ ከፈተችልኝ። ለአባዬ ደወልኩ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እውነቱን። ስሜንም ጻፊው።»

ጻፍኩ፦ «መዝገቡ ልክ አይደለም። ዛምፊራ የሞተችው ኅዳር 27 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳቦ ወንድሟ ኔዴልኩ በልቶ ተርፏል።»

ረጊና ዓይኗን ጠረገች። እኔም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27
ተዝካሩ ወጣ። በወጋችን መሠረት የሟች እኩያ አዲስ ልብስ ትለብሳለች፣ በሟች ቦታም ትቀመጣለች። የጎረቤታችንን ልጅ ሉሚኒጻን አለበስናት። ቀይ ቀሚስ፣ አዲስ ጫማ። አምስት ዓመቷ ነው። እንዴት ትንሽ ናት... አምስት ዓመት እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

አባዬ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጅቷ የራሷን ዳቦ ጨረሰችና እሱ ያስተረፈውን ግማሽ አየች።

«አባባ፣ ይሄን አይበሉትም?»

ግማሹን ወደ እሷ ገፋው።

«ያንቺ ነው» አላት።

በልታ እስክትጨርስ ድረስ ሲያያት ቆየ።